የመኪናን ቀለም የሚጠብቀው ሰሙ ነው ወይስ እጥበቱ?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ የዕለት እንጀራቸው ነው። መኪናው በሚሸጥበት ወይም በሚለወጥበት ቀን ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ የቀለሙ ሁኔታ ነው፤ ገዥ የሞተሩን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ኮፈኑን አይቶ ዋጋውን በልቡ ቆርጦ ይጨርሳል። ቀለሙን ለመጠበቅ ምን ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ ከጎረቤትም፣ ከመለዋወጫ ሻጭም፣ ከማስታወቂያም የሚመጣው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ጥሩ ሰም ይቀባ»። መልሱ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ለሰም የተሰጠው ክብር ከሥራው በላይ ነው። የቀለሙን ዕድሜ ይበልጥ የሚወስነው አስተጣጠቡ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን በሰሙ ላይ አውጥቶ ቀለሙን በባልዲው ያበላሸዋል።

ለሰም ይህን ያህል ክብር የሰጠው ያለፈው ዘመን ነው። የፎርድ ኩባንያ ታዋቂውን «ሞዴል ቲ» እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ በነበረበት ጊዜም ሆነ፣ ዱኮን የመሰሉ ቶሎ የሚደርቁ ቀለሞች በ1920ዎቹ ገበያውን በያዙበት ወቅት፣ ቀለሙ ከፀሐይና ከአየር ጋር ያለ ከለላ ይጋፈጥ ነበር። ውሎ ሲያድር ፊቱ ይደበዝዛል፤ በእጅ ሲነካ እንደ ጠመኔ ዱቄት ያወጣል። ባለመኪናው የሞተውን የላይ ሽፋን በፖሊሽ ጠርጎ ሰም ሲያለብሰው በርግጥም ቀለሙን ያድነው ነበር። ምክሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆየ፤ ቀለሙ ግን ተለወጠ።

በተለይ ከ1980ዎቹ ወዲህ በስፋት የተለመደው አሠራር ቀለሙን ከላይ ጥርት ባለ፣ ቀለም በሌለው ሽፋን ማልበስ ነው፤ ባለሙያዎች «ክሊር ኮት» ይሉታል። በላሜራው ላይ በመጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ከዚያ መደቡ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ በመጨረሻም ክሊር ኮቱ ይደረባል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ያህል ነው። ክሊር ኮቱ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንዲት ፀጉር የቀጠነ ጋሻ ማለት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጡት ኬሚካሎችም በዚሁ ሽፋን ውስጥ ተቀላቅለው የገቡ ናቸው። እንግዲህ ፀሐይን በዋናነት የሚመክተው በቅዳሜ ከሰዓት የተቀባው ሰም ሳይሆን ፋብሪካው ያለበሰው ሽፋን ነው። «ሰም ቀለምን ይመግባል» የሚለው የሻጮች አነጋገርም፣ ክሊር ኮት የደረቀ ፕላስቲክ መሆኑን፣ እንደ ቆዳም ቅባት እንደማይጠጣ የዘነጋ ነው።

ይህን ቀጭን ጋሻ ማን ያሳሳዋል? ፀሐይ አለች፣ የወፍ ኩስ አለ፣ ከመንገድ የሚፈናጠር ጠጠር አለ። ዘወትር የሚደርሰው ጉዳት ግን ከአጣቢው እጅ የሚመጣ ነው። አቧራ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ከፍተኛው ክፍሉ ብዙ ጊዜ ኳርትዝ ነው። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበትና አልማዝ 10 በሚይዝበት የሞህስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲቀመጥ፣ የመስኮት መስታወት እንኳ ከእርሱ በታች ነው። መስታወትን የሚጭር ነገር ፕላስቲክን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ደረቅ አቧራን በጨርቅ ጠራርጎ ማንሳት በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው ማለት ይቻላል። ውጤቱ ወዲያው አይታይም። ከወራት በኋላ ግን በማታ በነዳጅ ማደያ መብራት ሥር፣ በተለይ በጥቁር መኪና ላይ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ የጭረት መረብ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ባለመኪናው ፖሊሽ ይገዛል። ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ኮት ዝቅ በማድረግ ነው፤ የተፋቀው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ጨርቅ መኪናውን ከመንካቱ በፊት ብዙ ውሃ ይፍሰስበት፤ ውሃው ያነሣው አሸዋ ማንንም አይጭርም። ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ሳሙናው፣ በሌላው ጨርቁ እየተለቀለቀ ቆሻሻውን የሚጥልበት ንጹሕ ውሃ። አንድ ባልዲ ብቻ ሲኖር ከበሩ የታጠበው አሸዋ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ይታሻል። እጥበቱ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ይውረድ፤ በጎማዎቹ ዙሪያና ከበሩ በታች ያለው ክፍል ከሁሉ ይልቅ አሸዋ የሚይዝ በመሆኑ መጨረሻ ላይ ይታጠብ። ለቸርኬው የተለየ ጨርቅ ይኑር፤ የፍሬን ሸራ ብናኝ ብረት አለበት። ፀሐይ ላይ አለማጠብም ምክንያት አለው። ውሃው በጋለው ላሜራ ላይ ሳይጠረግ ሲተን በውስጡ የሟሟውን ካልሲየም ነጭ ክብ አድርጎ ይተወዋል። (የውሃ ጠብታ እንደ አጉሊ መነጽር ቀለምን ያቃጥላል የሚባለው ግን ብዙም አያስኬድም፤ በላሜራው ላይ የተቀመጠ ጠብታ ብርሃኑን የሚሰበስብበት ነጥብ ከቀለሙ ወለል በታች ይወድቃል።)

የሳሙናው ምርጫም የራሱ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ በብዙ ላቫጆዎች መኪና በኦሞ ይታጠባል፤ በውጭ አገርም በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የሚያጥብ ብዙ ነው። እነዚህ የተሠሩት የምግብ ቅባትንና የልብስ እድፍን ለማላቀቅ ነው፤ ሰምንም አይምሩም። ባለፈው ሳምንት 40 ዶላር የወጣበትን ሰም በዛሬው የዕቃ ሳሙና ጠርጎ የሚጥል ሰው ከራሱ ጋር መሟገቱን አያውቅም።

ሰም ታዲያ ጥቅም የለውም? አለው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅለው የካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ሰም ገጽታውን ያለሰልሳል፤ አቧራ በቀላሉ እንዲታጠብ፣ ውሃም ተንከባሎ እንዲወርድ ያደርጋል። የወፍ ኩስ ሲወድቅበት ደግሞ ጊዜ ይገዛል። ክሊር ኮት በቀን ሙቀት ለስልሶ ይለጠጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ በደረቀው ኩስ ዙሪያ ይኮማተርና የኩሱን ሸካራነት ይዞ ይቀራል። ሰሙ በመካከል ከገባ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ኩሱን በዚያው ቀን በውሃ አርሶ ማንሳት ግን ከየትኛውም ሰም ይበልጣል። የካርናውባ ዕድሜ በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነው። ሴራሚክ የሚባለው ውድ ሽፋን ረዘም ይላል። ሻጮቹ «ጥንካሬው 9ኤች ነው» ሲሉ የሚሰማ ሰው ግን ከአልማዝ ዝቅ ያለ ድንጋይ የለበሰ ሊመስለው ይችላል። ያ ቁጥር የተወሰደው ከእርሳስ መለኪያ ነው፤ 9ኤች የተባለ ጠንካራ እርሳስ አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። ኳርትዝ እርሳስ አይደለም።

ሰም ጨርሶ የማይደርስበት ጠላት ደግሞ የክረምቱ ጨው ነው። በሚኒሶታ ወይም በስካንዲኔቪያ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ውሃን ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይረጋ ሊያቆየው ይችላል፤ ያ ጨዋማ ውሃ በፓራፋንጎው እጥፋትና በመኪናው ሆድ ሥር ይቀመጣል። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ሲያሳብጠው ከላይ ያለው ሰም ምንም አያግደውም። ሞቃት ጋራዥም አይረዳም፤ ሙቀቱ የዝገቱን ኬሚስትሪ ያፈጥነዋል። ብርዱ ጋብ ባለ ቀን ሁሉ የመኪናውን ሥር የሚያጥብ ማጠቢያ ውስጥ ማለፍ ከሰም ሁሉ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ብሩሽ ያላቸው ማጠቢያዎች ጭረት እንደሚያመጡ እውነት ነው፤ በጨው ወቅት ግን ከዝገት ጭረት ይሻላል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ጨው የለም፤ አሸዋና ሙቀት አለ። በዱባይ አቧራ ለብሶ በአደባባይ የተተወ መኪና 500 ድርሃም ሊያስቀጣ ስለሚችል ባለቤቶች ሠራተኛው ማለዳ ማለዳ መኪናውን እንዲወለውል ያዛሉ። ሠራተኛው ያለችው አንድ ባልዲና አንድ ጨርቅ ናት። ከዓመት በኋላ ጭረቱ ሲታይ የሚወቀሰው እርሱ ነው። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ለሠላሳ ቀን የሚበቃ ጭረት የታዘዘው ውሃ ሳይሰጥ «በየቀኑ ጥረግ» በተባለ ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በበቂ ውሃ የታጠበ መኪና በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ከሚታሸው ይልቅ ቀለሙ ይቆያል።

ውሃ ማባከን ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። በጀርመን ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ዘይትና ሳሙና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንዳይሰርግ በደጃፍ መኪና ማጠብን ይከለክላሉ። እዚያ የሚኖር ሰው ውሃው ተጣርቶ ወደሚወገድበት የራስ አገዝ ማጠቢያ ሄዶ በግፊት ውሃ አሸዋውን ካነሣ የሚበቃውን አድርጓል። ቸኩሎ በአንድ ጨርቅ ከሚያሸው ሳያሽ ቢተወው ይሻለዋል።

የድሮው ምክር ዛሬም ልክ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እስካሁን የሚታዩት አሮጌዎቹ ቮልስዋገኖችና ላዳዎች ብዙዎቹ ክሊር ኮት የሌለው ቀለም የተቀቡ ናቸው። ቀዩ ወደ ሮዝ ሲነጣ፣ ሰማያዊው ሲያመድ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው፤ ፖሊሽና ሰም በርግጥ የሚያድነውም እነርሱን ነው። ለመለየት ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርጎ በማይታይ ጥግ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከተመለሰ ቀለሙ ያለ ጋሻ ነውና ሰም ይገባዋል፤ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ግን ከላይ ያለው ክሊር ኮት ስለሆነ ፖሊሹ ወደ ቆርቆሮው ይመለስ፣ ሁለተኛው ባልዲ ይምጣ።