ሌሊት ስምንት ሰዓት ውሃ የሚሸጠው ማነው?

ቲክቶክ ላይ ሳትፈልጉት የሚመጣባችሁ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ ወጣት አሜሪካ ውስጥ የቬንዲንግ ማሽን በር ከፍቶ፣ የዶላር ክምር አውጥቶ እየቆጠረ «ተኝቼ ነው የምሠራው» ይላችኋል። ባለፈው ዓመት ይህን የላከልኝ የልብ ጓደኛዬ ነው። ከሥሩ «እኛስ ምን ያንሰናል?» ብሎ ጽፎበታል። እሱ ትንሽ ቁጠባ አለው፤ እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ። በቃ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብስኩትና ውሃ የሚሸጥ ማሽን የመትከል ሐሳብ ይዘን ስንባዝን ከረምን።

ማሽኑን እስካሁን አልገዛንም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህን ከሚያነቡት መሀል ዕቁብ የደረሰው ወይም ከዘመድ ሊበደር ያሰበ እንደሚኖር እገምታለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ለስሌት እንዲመቸን ማሽኑ ከነማጓጓዣውና ከነቀረጡ 600,000 ብር ፈጀ እንበል። ከአንድ ዕቃ 10 ብር ብናተርፍና በቀን 40 ዕቃ ብንሸጥ በወር 12,000 ብር ይመጣል። ለቦታ ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለትራንስፖርትና ለጥገና ግማሹ ቢሄድ 6,000 ይቀራል። ያወጣነው ገንዘብ የሚመለሰው በ100 ወር ነው፤ ስምንት ዓመት ከአራት ወር! ያንኑ ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ብናስቀምጠው በወር 3,500 ያመጣል፤ ያውም ካርቶን ሳንሸከም። ክፍል ውስጥ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» እያሉ ያስተማሩን ይኼንን ነው።

«ወለዱን የኑሮ ውድነት ይበላዋል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ማሽኑንም ይበላዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ማሽኑም መለዋወጫውም የሚመጣው በዶላር ነው፤ እናንተ የምትሸጡት በብር።

ጃፓን ውስጥ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ መሸጫ ማሽኖች አሉ። እዚያ የሰው ጉልበት ውድ ነው፤ ለአንድ ጠርሙስ ሻይ ሻጭ ማቆም አያዋጣም። እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል፦ ማሽኑ ውድ፣ ጉልበቱ ርካሽ። ሱቅ በደረቴ እኮ እግር ያለው ቬንዲንግ ማሽን ነው። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ዝርዝር ይመልሳል፣ የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ራሱ ወደ ሰልፉ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ደንበኛ ከሆናችሁ «ነገ ትሰጡኛላችሁ» ይላል። ከእሱ ጋር ቀን በቀን፣ አስፋልት ዳር እወዳደራለሁ ያለ ሰው ብሩን ቆጥሮ ይሰናበተው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ አሮጌ ማሽን ሊልክላችሁ ቃል ከገባም አትቸኩሉ። የእነሱ ማሽን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የገንዘብ አንባቢው ደግሞ ዶላር እንጂ ብር አያውቅም። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ክፍያ ቀሏል፤ ግን ማሽኑ ላይ ኪውአር ኮድ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። «ብሩ ገብቷል» የሚል መልእክት ከሲስተሙ ካልደረሰው ማሽኑ ዕቃውን አይጥልም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚፈጠረውን ጭቅጭቅ እናንተው ገምቱት።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ጓደኛዬ የሚሠራበት ቢሮ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አስፈቅደን አንድ ያገለገለ ፍሪጅና መደርደሪያ አስገባን፣ የዋጋ ዝርዝርና የቴሌብር ቁጥር ለጠፍን። ሻጭ የለም፤ አንሥቶ መክፈል ነው። ሁለት ወር ሙሉ እያንዳንዷን ሽያጭ ጻፍን።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቸኮሌትን አስከነዱት። ሁዳዴ ሲገባ ወተት ያለበት ብስኩት ሁሉ ተደርድሮ ቀረ፤ ማሽን ቢሆን ኖሮ ያ መስመር 55 ቀን ሙሉ ሞቶ ይከርም ነበር። የጠርሙስ ለስላሳ ማሽን ውስጥ እንደማይሆንም ያኔ ነው ያሰብነው፤ ከከፍታ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ባዶውን የሚመልስ ሰውም ይፈልጋል። ሳይከፍሉ የወሰዱ ነበሩ፣ ግን ከፈራነው በታች።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ብዙ የምንሸጠው አሳንሰሩ በተበላሸባቸው ቀናት ነበር። ታች ያለው ሱቅ ያው ውሃ፣ ያው ብስኩት አለው፤ በዋጋም ከእኛ ይረክሳል። ሰዎቹ የከፈሉን ስድስት ፎቅ ላለመውረድ ነው። የዚህ ሥራ ሸቀጡ ርቀትና ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ማሽኑ ዕቃ ማስቀመጫ ነው።

ይህ ሲገባኝ ያስታወስኩት አክስቴን ሆስፒታል ያስታመምኩበትን ሌሊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ አለቀብን። ኮሪደሩ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ አስታማሚዎችን ጠየቅኩ፤ እነሱም የላቸውም። የግቢው በር ተዘግቷል፣ ሱቁ ተዘግቷል። ሻይ በፔርሙስ የምትሸጠው ሴትዮ እስክትመጣ ድረስ እስከ ንጋት ጠበቅን። ያን ሌሊት ከማንም ጋር የማይወዳደር ነጋዴ ቦታ ባዶ ነበር። ማሽን የሚያዋጣው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፦ ሰው ነቅቶ ሱቅ በተኛበት። የሌሊት ፈረቃ ያለው ፋብሪካም፣ በሩ በጊዜ የሚዘጋ የተማሪዎች ዶርምም ያው ናቸው። እንዲያ ከሆነ የሱቅ በደረቴውን ልጅ እንጀራ አትነኩም፤ እሱ በዚያ ሰዓት ተኝቷል።

አንድ አደራ አለኝ። አስታማሚ ዋጋ አይከራከርም። ስለማይከራከር ብቻ ዋጋ የሚቆልል ሰው ግን ከሱቁ ዘበኛ ጀምሮ ስሙ ይጠፋል፤ ቦታውንም ብዙ አይቆይበትም።

እናም ያ ቪዲዮ ዛሬ ማታ ሲመጣባችሁ የማሽን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ያሰባችሁት ቦታ ሄዳችሁ አንድ ሌሊት ተቀመጡ። ስንት ሰው ውሃ ፈልጎ እንደተመለሰ ቁጠሩ። ከዚያ መደርደሪያ አስገቡና ሁለት ወር ጻፉ። ከባለቤቱ ጋር መብራቱን ማን እንደሚከፍልና ውሉ ስንት ዓመት እንደሚጸና በጽሑፍ ጨርሱ፤ ሥራው ሲሞቅ «ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል አከራይ አይጠፋምና። ማሽኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

እኛ ለአንድ ሆስፒታል ደብዳቤ አስገብተናል። «ሳምንት ተመለሱ» ከተባልን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ሰኞ እንመለሳለን።