እንግዳው ሁሉን ሲበላ



ሰሞኑን ሚዛን ተፈሪ ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ልጁ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ግቢ ኮምፒዩተር ትማራለች። ለዕረፍት መጥታ ሳገኛት ፊቷ ጠቁሯል። «አክስቴ፣ ላፕቶፑ ስታክ እያደረገ ፕሮጀክቴን መሥራት አቃተኝ» አለችኝ። አንድ ጥገና ቤት «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሏቸዋል። ወንድሜም ዋጋ እስኪሻሻል ያቆየውን ጀንፈል ቡና ሊሸጥ ተነስቷል።

ነገሩን እንድታስረዳን ጠየቅኳት። ትምህርቷ ሊኑክስ ይፈልጋል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ በነፃ የሚገኝ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ታናሽ ወንድሟም በዚያው ላፕቶፕ ስለሚማር ዊንዶውሱን ማጥፋት አልፈለገችም። ስለዚህ ቨርቹዋል ቦክስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ፈጠረች። በሙያው ቋንቋ የውስጠኛው «እንግዳ»፣ ላፕቶፑ ደግሞ «አስተናጋጅ» ይባላል።

ቡና ትቆላ የነበረችው እናቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «ለእንግዳው ስንት ሰጠሽው ልጄ?»

የላፕቶፑ ራም 4 ጊጋ ነው። ልጅቷ 3ቱን ለእንግዳው ሰጥታለች።

«ታዲያ ባለቤቱ ምን በልቶ ይቁም?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ዊንዶውስ የቀረው 1 ጊጋ ስለማይበቃው ሥራውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያመላልሳል። ሃርድ ዲስክ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። ልጅቷ ሥራዋን ፍላሽ ላይ ገለበጠች፤ የእንግዳውን ድርሻ ወደ 2 ጊጋ አወረደች፤ ሉቡንቱ የተባለውን ቀለል ያለ ሊኑክስ ከጓደኛዋ አምጥታ ጫነች። ሊኑክሱ ሲሠራ ሌላውን ፕሮግራም ትዘጋለች። በዚያ ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ስትሠራ አንዴም አልቆመባትም። ጀንፈሉም አልተሸጠም።

እናንተም አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቻችሁን እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ የቆመው እንግዳው ብቻ ነው ወይስ ላፕቶፑም? በስተቀኝ ያለው የኮንትሮል ቁልፍ ተጭኖ ማውሱ ከእንግዳው ከወጣና ዊንዶውሱ ከታዘዘ፣ ላፕቶፑ በሕይወት አለ።

ሁለተኛ፣ ለእንግዳው ከራሙም ከፕሮሰሰሩም ከግማሽ በላይ ተሰጥቷል?

ሦስተኛ፣ የላፕቶፑ ዲስክ ሞልቷል? የእንግዳው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እያደገ የሚሄድ ፋይል ነው፤ ቦታ ሲያልቅ እንግዳው ይቆማል።

አራተኛ፣ በእንግዳው መስኮት ግርጌ የትንሽ ኤሊ ምልክት ይታያል? ከታየ፣ የዊንዶውስ የራሱ ተመሳሳይ አገልግሎት ከቨርቹዋል ቦክስ ጋር እየተጋፋ ስለሆነ እሱን ማጥፋት ይሻላል።

አምስተኛ፣ ችግሩ የስክሪኑ ከሆነ፣ በቅንብሩ ውስጥ የ3ዲ ምርጫውን አጥፍቶ መሞከር።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ አለዚያ መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ሥራን ቶሎ ቶሎ ፍላሽ ላይ መገልበጥ አይረሳ።

ወንድሜን ያሳዘነው ግን የቡናው ነገር አልነበረም። ልጅቷ «አባቴን ወጪ ላይ እጥላለሁ» ብላ ሳምንታት ብቻዋን መጨነቋ ነው። ኮምፒዩተሩን ባናውቀውም፣ «እስኪ አስረዱን» ማለት እንችላለን። እናቴ ማውስ ነክታ አታውቅም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው ግን እሷ ናት።