ቮልሷና የልጅ ልጄ

መሐል ሜዳ ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አሮጌ ቮልስ አለችን። በክረምቱ የልጅ ልጄ «አባባ፣ እናስነሳት» አለኝና ጀመርን። ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 1995 ዓ.ም. ስለተሠራች መለዋወጫዋ አልጠፋም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር ስለሌላት የመንዝ የጥቅምት ውርጭ በረዶ የሚያደርገው ውሃ የላትም! ልጁ «ቀለም ይቅደም» ሲል፣ እኔ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት እያሰብኩ «መጀመሪያ ፍሬኗ» አልኩ።

በዚህ ስንከራከር ዋናውን ዘነጋሁ። የከረመውን ቤንዚን ቅዳ ብዬ የላስቲክ ቱቦውን የሰጠሁት እኔው ነኝ። በአፉ ሲስብ ትን አለውና ሳል ያዘው። ጎረቤታችን «ወተት ይጠጣና ያስመልሰው» እያለች ደረሰች። ከለከልኳት። ቤንዚን ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ክፉኛ የሚጎዳውም እዚያ ነው። አፉን በውሃ አስጉመጥምጬ፣ ቤንዚን የነካውን ልብሱን አውልቄ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ትን ብሎት የሚያስል ልጅ ቤት አይቆይም፤ ትንፋሹ ከሰዓታት በኋላም ሊከብደው ይችላል። እስኪመሽ አጠገቡ ተቀምጬ ትንፋሹን ስቆጥር ነበር። ስንቷን እናት ስመክር የኖርኩ ነርስ!

ደህና ሆነ። አሁን የምንቀዳው በእጅ ፓምፕ ነው። ፍሬኗ ገና ነው፤ ቀለሟ ግን ቢጫ እንዲሆን ተወስኗል።