ርዕሰ አንቀጽ፦ የስደቱን ጽሑፍ ሳይጠፋ እናትርፈው



ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ በምትገኘው ዳቬይተን ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ወገናችን ባለፈው ሳምንት የአሮጌ ኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ ከፈተልኝ። ከምርጫ 97 ማግስት ጀምሮ በስደት የጻፍኳቸው ጽሑፎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ፋይሎቹ ተከፈቱ፤ ፊደሉ ግን የለም። የላቲን ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። “ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?” አለኝ። አማርኛ ነው ስለው አላመነኝም።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ጓዳ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ርዕሰ አንቀጽ ባልሆነ ነበር። ነገር ግን የብዙዎቻችን ነው።

ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ቀድመው ከደከሙት መካከል እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ፊደሉ ባልነበረበት ዘመን አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመላላክ የሚያስችል “ሴራ” የተባለ ሥርዓት ቀመሩ። ችግሩ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ስለነበረው በፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ቪዥዋል ግዕዝ ብቻ ያለው ኮምፒውተር አያነበውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ግዕዝን ተቀብሎ “ሀ”ን 1200 በሚል ኮድ መዘገባት። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ “ኒያላ” የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ግን የስደት ድረ ገጾች እንደ አሸን ፈሉ። ፊደሉ አንባቢው ዘንድ ሲደርስ እንዳይበላሽ ብለን ጽሑፉን እንደ ፎቶ ወይም በፒዲኤፍ እናወጣው ነበር። ያኔ ብልሃት ነበር። ዛሬ ግን በቃል ለሚፈልግ ሰው ብዙው ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ይህ ምን ማለት ነው? እኔ በአገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለሁ ከበላይ በስልክ እየታዘዝን ያወጣነው ሁሉ በየጊዜው ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በምርጫ 97 ማግስት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል፤ የነገው ታሪክ ጸሐፊ ስለዚያ ዘመን ሲጠይቅ የሚቀርብለት ያ ጥራዝ ነው። የሟች ቤተሰብ ቃልና የእስረኛው ደብዳቤ የወጣው ግን በእኛ ገጾች ላይ ነበር። በፍርሃት የጻፍኩት ይነበባል፣ በነፃነት የጻፍኩት አይነበብም። ከዚህ የበለጠ ሽንፈት አለን?

አገዛዙ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ድረ ገጾቻችንን ሲያፍን ጮኸናል። በሰኔ 2018፣ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ ሲባል ደስ ብሎናል። ግን በዚያች ቀን ስንቶቹ የአድራሻ ክፍያቸው ተቋርጦ፣ ባለቤቶቹ ተጣልተው ወይም ሰልችተው ጠፍተው ነበር? የታፈነውን መንግሥት ከፈተው፤ የጠፋውን ያጠፋነው እኛው ነን።

እናም ይህን እንላለን። አንደኛ፣ ድረ ገጽ የነበራችሁ ወገኖች አሮጌውን ዲስክ ሳይሞት ገልብጡት። ሁለተኛ፣ በአሮጌ ፊደል የተጻፈው ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ፎቶ የሆነውን ደግሞ እንደ ቴሰራክት ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ወደ ጽሑፍ ይመልሱታል፤ ስሕተት ስለማያጣው በሰው ዓይን ይታረም። ይህ ሥራ ኮምፒውተር የሚወዱ ልጆቻችንንና አማርኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ አባቶችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል። ሦስተኛ፣ ቅጂው በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር፤ እንደ ኢንተርኔት አርካይቭ ባሉ ቦታዎችም ይቀመጥ።

ከአገር ቤት በድብቅ መረጃ የላኩልን ሰዎች ስም ግን ለሕዝብ ከሚከፈተው ቅጂ ይውጣ። አደራ ነውና።

“የዚያን ጊዜ ስድባችንን ማን ይፈልገዋል?” የሚሉ አሉ። እኛ ግን የተሳሳትንበትም፣ የተሰዳደብንበትም ይቀመጥ እንላለን። የማያምረንን ሰርዘን የሚያምረንን ብቻ ካስቀመጥን ከተሰደድንበት የሳንሱር ቢሮ በምን ተለየን?

አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። በእኛ ዘመን ለመውረስ መጻፍ ብቻውን አልበቃም፤ ወራሹ ማንበብ መቻል አለበት። ያ ስልክ ጠጋኝ ልጅ የየት አገር ቋንቋ ነው ብሎ እንዳይጠይቅ ዛሬውኑ እንጀምር።

ቸር ይግጠመን!