ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 አንድ ሰው በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው ሪቻርድ ስሚዝ ይባላል፤ ኢኩዊፋክስ የተባለውን የብድር መረጃ ሰብሳቢ ኩባንያ በዋና ሥራ አስኪያጅነት ሲመራ ቆይቶ ከሳምንት በፊት ወንበሩን የለቀቀ ነበር። ከኩባንያው የመረጃ ማከማቻ የተዘረፈው የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ ጉድ እንዴት ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ጥገናው እንዲደረግ ለሚመለከተው ማስታወቅ የነበረበት አንድ ሠራተኛ ሥራውን አልሠራም፤ ቀጥሎ የተደረገው ፍተሻም ቀዳዳውን አላየም።

ይህን መልስ ባስታወስኩ ቁጥር የእኛዎቹ ሹማምንት ይታወሱኛል። ጎተራው ሲራቆት ጥፋተኛው ሁልጊዜ የበር ጠባቂው ነው። ጎተራውን ያለ ቁልፍ ያሠራው ሰው ግን በመግለጫው ላይ ስሙ አይነሣም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሌቦቹ የገቡበት ስትራትስ የሚባል በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ፣ የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ነው። ቀዳዳው ታውቆ መድፈኛው በነፃ የታደለው ማርች 7 ቀን 2017 ነበር። በማግሥቱ የአሜሪካ መንግሥት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማርች 9 ቀን ኩባንያው ለሠራተኞቹ በ48 ሰዓት ውስጥ ጥገናው ይደረግ ብሎ ጻፈ። ማርች 15 ቀን የተደረገው ፍተሻ ምንም አላገኘም። ሌቦቹ በሜይ አጋማሽ ገብተው እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ እንደ ቤተኛ ሲመላለሱ ከረሙ። በዲሴምበር 2018 የወጣው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ዘገባ አደጋው ሙሉ በሙሉ ሊወገድ ይችል እንደነበር ደምድሟል። ጥገናው ነበረ፤ ትእዛዙም ነበረ። ያልነበረው ነገር ስትራትስ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ጓዳ እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለምን አይታወቅም? ምክንያቱ በተቋማት ሰርቨሮች ላይ ከሚሠራበት የቆየ ውል ይጀምራል። ሬድ ሃትን፣ ሱሴን ወይም ኡቡንቱን የመሳሰሉ የሊኑክስ አቅራቢዎች ለደንበኛቸው የሚሉት ይህ ነው፦ ሶፍትዌሩን ባለበት ቨርዥን አቆምልሃለሁ፣ ለዓመታት አይለዋወጥብህም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን አዲሱን ጥገና ወደ አሮጌው ቨርዥን መልሼ እሰፋልሃለሁ። የፓይተን አዘጋጆች ፓይተን 2ን በጃንዋሪ 2020 ሲሰናበቱት፣ ሬድ ሃት በ7ኛው ሊኑክሱ ላይ የነበረውን እስከ ጁን 2024 ሲጠግን ቆይቷል። ይህ የተከበረ ውል ነው፤ ጠቤ ከእርሱ ጋር አይደለም።

ጠቤ ውሉ የማይደርስበትን ሁሉ እንደሚሸፍን አድርገው ከሚተኙት ጋር ነው። ፕሮግራመሩ ከኤንፒኤም፣ ከፓይፒአይ ወይም ከሜቨን ማከማቻ በራሱ እጅ አውርዶ ያስገባው ላይብረሪ በውሉ ውስጥ የለም። የሲስተም አስተዳዳሪው የማሻሻያ ትእዛዙን ሲሰጥ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የራሱን ጓዝ ብቻ አድሶ «ሁሉም ተሟልቷል» ይላል። እውነቱን ነው፤ የእርሱ ተሟልቷል። ዘበኛው የዋናውን በር መዝገብ ይይዛል፤ ተከራዩ በጓሮ በኩል ያስገባቸውን እንግዶች ግን አያውቃቸውም። በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ቀዳዳ ሲገለጥ ዓለም የተተራመሰው በዚህ ምክንያት ነበር። ላይብረሪው በሌላ ፋይል ሆድ ውስጥ፣ ያም በሌላ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ስለነበር፣ ብዙ ተቋማት ያላቸውን ነገር እንዳላቸው አላወቁም። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት ቦርድ በጁላይ 2022 ቀዳዳው ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮን ሊኖር እንደሚችል ጽፏል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ኦዲተሩ የቨርዥን ቁጥሮችን ቆጥሮ «ይህ አሮጌ ነው፣ ያም አሮጌ ነው» የሚል ወፍራም ዘገባ አቀረበ። ሠራተኞቹ ጥገናው በአሮጌው ቁጥር ሥር ተሰፍቶ መግባቱን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። እኔ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ የደመወዝ ፕሮግራማችሁ የተሠራው በየትኞቹ የጃቫ ላይብረሪዎች ነው? ዝም ተባለ። ቆይቶ አንዱ «የሠራው ድርጅት ያውቃል» አለ። ድርጅቱ ሥራውን አስረክቦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቀዳዳ በሌለበት ይጮሃል፤ ቀዳዳ ባለበት ዝም ይባላል።

«የሚሠራን ነገር አትንኩት» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ፍርሃታቸውንም አልንቅም። የሎግ ፎር ጄ ጥገና ራሱ ሌላ ጥገና እያስፈለገው በአንድ ወር ውስጥ ተደጋግሞ ወጥቷል። በማርች 2024 ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤክስ ዜድ ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ያን ጊዜ የተረፉት ወደ አዲሱ ያልቸኮሉት፣ የረጋውን ቨርዥን የያዙት ነበሩ። ስለዚህ «አዲስ የወጣውን ሁሉ በዕለቱ ጫኑ» አልልም። ነገር ግን በማወቅ መዘግየትና ባለማወቅ መተኛት አንድ አይደሉም። ያለውን ያወቀ ሰው ቆሞ ይመርጣል፤ ያላወቀው ዕድሉን ይጠብቃል።

ይህ ጉዳይ እኛን ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያችን ሞሲፕ በተሰኘ፣ በአመዛኙ በጃቫ በተጻፈ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ክፍት መሆኑን እደግፋለሁ፤ ለሀገር የሚበጀውም ይኸው ነው። ፋይዳ ተደፍሯል እያልኩም አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ አሻራና የዓይን ብሌን አይለወጡም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጀዋል። አዋጅ ግን ላይብረሪ አይጠግንም። በነፃ ስለሚገኝ የተወደደው ሴንት ኦኤስ 7 ድጋፉ ጁን 30 ቀን 2024 ተቋርጧል፤ ዛሬም የሕዝብን መዝገብ በእርሱ ላይ ያስቀመጠ ተቋም ካለ፣ ዋናው በር እንኳ ዘበኛ የለውም ማለት ነው።

የዜጋን መረጃ ከያዘ ከማንኛውም ባንክ፣ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት ልንጠይቅ የሚገባን ብዙ አይደለም። ሲስተማችሁ የተገነባባቸው ላይብረሪዎች ሙሉ ዝርዝር አላችሁን? በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ አቅራቢው ይህን ዝርዝር እንዲያስረክብና ለዓመታት እንዲጠግን ግዴታ ገብቷልን? አደገኛ ቀዳዳ ሲታወጅ በስንት ቀን ትደፍናላችሁ? ካልተደፈነስ በስሙ የሚጠየቀው ኃላፊ ማን ነው? አውሮፓውያን በ2024 ባጸደቁት ሕግ ይህን የመሰለውን ግዴታ በአምራቾቻቸው ላይ ጥለዋል፤ ዋናዎቹ ግዴታዎችም በዲሴምበር 2027 ተፈጻሚ ይሆናሉ። እኛ ደግሞ ገና ስንገዛ ብንጠይቅ የሚያስከፍለን የጨረታ ሰነዱን አንድ ገጽ ማርዘም ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብደኛል። ያ «አንድ ሠራተኛ» እኮ ዝርዝር አልተሰጠውም። የ147 ሚሊዮን ሰው ምስጢር በአንድ ሰው ትዝታ ላይ እንዲንጠለጠል የወሰኑት ከበላዩ የተቀመጡት ናቸው። የእኛም ቀን ከመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠርቶ «ጥፋቱ የእርሱ ነው» እንደሚባል ከወዲሁ ይታየኛል። ያን ቀን የምንጠይቀው ልጁን ሳይሆን ዝርዝሩን ሳያስጽፍ ውሉን የፈረመውን ሰው ይሁን። እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል።

ቸር እንሰንብት።