«ገና ሰባት ዓመት አለው»

ባለፈው ኅዳር ካፋ ውስጥ ባለችው ቢታ ገነት አንዲት ትንሽ ሱቅ ተጠልዬ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር። አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው ብስኩት ሊገዙ ገቡ። እሽጉን አገላብጠው አዩና ለባለሱቁ ልጅ መልሰው ሰጡት።

«እስኪ እይልኝ ልጄ፣ ጊዜው አላለፈም?»

ልጁ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ ከእሽጉ ጀርባ የታተሙትን ጥቃቅን ነጥቦች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። 08/2025 ይላል። በሆዱ አሰላና ቀና አለ።

«አይዞዎት እናቴ፣ አሁን 2018 አይደል? ገና ሰባት ዓመት አለው።»

ልጁ አልዋሸም። የቆጠረው ተወልዶ ባደገበት፣ ትምህርት ቤት በተማረበት፣ ኪራይ በሚከፍልበት የዘመን አቆጣጠር ነው። እሽጉ ላይ ያለው 2025 ግን የፈረንጆቹ ነበር። በእኛ ሲመለስ ነሐሴ 2017 ይሆናል። ብስኩቱ ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው እናትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልጁም ወዲያው መደርደሪያውን ማገላበጥ ጀመረ፤ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የፓስታውን ከረጢት፣ የዱቄት ወተቱን ጣሳ። ሁሉም ላይ ቀን አለ። የማን ዘመን እንደሆነ የሚናገር ግን ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጥም።

ነገሩ ዓመቱ ላይም አያበቃም። 08 ለእኛ ሚያዝያ ነው፣ ለፈረንጆቹ ኦገስት። 05/08 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ቀኑ የቱ፣ ወሩ የቱ እንደሆነ ለመለየት አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ ሸማች ይህን ለምዶታል፤ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ያነባል። ዕቃው ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ቦንጋን አልፎ፣ በጭቃው መንገድ ቢታ ገነት እስኪደርስ ግን ወራት ያልፋሉ። ቀኑን አጥርቶ ማወቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ዕቃው ዘግይቶ የሚደርስበት ሰው ነው። ቀኑ የተጻፈው ግን እሱ በማያነበው አቆጣጠር ነው።

እነዚያን ነጥቦች የሚጽፈውን ማሽን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሠራተኞቹ «ኢንክጄት» ወይም «የዴት ማሽን» ይሉታል። እሽጎቹ በኮንቬየር ላይ እየተከታተሉ ሲያልፉ አንዳቸውንም ሳይነካ ይጽፍባቸዋል። ቀለሙ የፀጉር ውፍረት በሚያህል ቀዳዳ በግፊት ይወጣና በሰከንድ በአሥር ሺዎች ወደሚቆጠሩ ጠብታዎች ይከፋፈላል። ለፊደል የሚፈለገው ጠብታ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠውና መንገዱን ቀይሮ እሽጉ ላይ ያርፋል። የማይፈለገው ቀጥ ብሎ ሄዶ መቀበያ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ወደ ቀለሙ ማጠራቀሚያ ይመለሳል። ያረፈው በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስዊት በሠራው ሥራ ነው። ዛሬ ከዚህ ሌላ በሙቀትና በሪባን ላስቲክ ላይ የሚያትሙ፣ በሌዘር ጠርሙስ ላይ የሚቀርጹም አሉ። የሌዘሩ ጽሑፍ በእጅ ቢታሽ አይለቅም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ምን እንደሚጽፍ የሚወስነው ሰው ነው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር አንድ ሠራተኛ ማሽኑ ፊት ቆሞ ቁልፎቹን ይጫናል፤ ማሽኑ የታዘዘውን ይጽፋል። እርግጥ የማሽኑ የውስጥ ሰዓት በፈረንጆቹ ይቆጥራል፤ ጳጉሜን የምትባል ወር አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን ራሱ እያሰላ እንዲያትም ከተተወ የሚሰጠን የፈረንጅ ቀን ነው። ነገር ግን የአሁኖቹ ማሽኖች ዓርማና ሥዕል ይቀበላሉ፤ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ምልክት አንዴ ጭኖ ከቁጥሩ ጎን ማስቀመጥ የሚያቅት ሥራ አይደለም። ከዚያ አልፎ «እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.» ብሎ ወሩንና ዓመቱን በእኛ መጻፍም ይቻላል፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ መለወጥ ነው። ለውጭ ገበያ የሚላከው በፈረንጆቹ ይሁን። ለቢታ፣ ለጨና፣ ለጌሻ ገበያ የሚላከው ግን ገበያተኛው በሚያነበው ይጻፍ። ከውጭ የሚገባውም ቢሆን አስመጪው ትንሽ ወረቀት ሊለጥፍበት ይችላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ላይ የተመረተበትና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን እንዲገለጽ ያዛል። የብስኩቱ አምራች ይህን አሟልቷል፤ ቀኑ አለ። የሕጉ ዓላማ ግን እሽጉ ላይ ቁጥር እንዲኖር ብቻ አይደለም፣ ሸማቹ እንዲያውቅበት ነው። እሽግ ላይ የሚታተም ቀን አምራቹ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ሰሚው በሚገባው ቋንቋ ካልተናገረ አልመሰከረም።

እስካሁን ያልኩት ወደ ቢታ ገነት ስለሚገባው ዕቃ ነው። ከቢታ ገነት የሚወጣውም ያው ችግር አለበት፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ከነጭራሹ ምንም ሳይጻፍበት የሚወጣው ብዙ ነው። ማሩ በቢጫ ጀሪካን፣ ኮረሪማው በማዳበሪያ ከረጢት፣ ቡናው በጆንያ ይወጣል። ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ ከማን እጅ እንደወጣ የሚናገር የለም። አዲስ አበባ ሲደርስ «የደቡብ ምዕራብ ማር» ይባላል፤ ከዚያም «ማር» ብቻ።

የማር ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። የገተማ ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው፤ የብሳናው ይጠቁራል፤ የግራዋው መረር ይላል። ንቡ አንድ፣ ደኑም አንድ ሆኖ ወሩ ሲለወጥ ማሩ ይለወጣል። እሽጉ ላይ የሚጻፍ ወር ጊዜው የሚያልፍበትን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ምን እንደምንበላ ለማወቅም ነው።

ቡናው በዚህ በኩል የቆየ ልምድ አለው። ከአገር የሚወጣ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ላይ የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት መለያ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአገር ናቸው፣ የኢትዮጵያ 010 ነው። ቀጥሎ የላኪው ቁጥር፣ ቀጥሎ የጭነቱ። ለረጅም ዘመን ይህ የተጻፈው በስቴንስል ነው፤ ፊደል የተቆረጠበት ቆርቆሮ ጆንያው ላይ ይደረግና ቀለም በብሩሽ ይቀባል። ኢንክጄት ሳይፈለሰፍም ሰው ዕቃውን ምልክት አድርጎ ይልክ ነበር። ዛሬም ሐምቡርግ ወደብ ላይ 010 ያየ ጆንያው ከየት አገር እንደመጣ ያውቃል። ከየት ደን እንደመጣ ግን 010 አይነግረውም።

ከእንግዲህ ደግሞ ገዢው ይህን ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ፣ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ጭነት የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በካርታ ነጥብ እንዲገለጽም ያዛል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አልተነሳም። ካፋ ለዚህ ፈተና ከማንም በላይ መልስ ያለው ምድር ነው። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከተቋቋመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚለቀመው። ይህ እውነት ግን ጆንያው ላይ ካልተጻፈ ደኑን የጠበቀውና ደኑን የመነጠረው ገበሬ ገበያ ላይ አንድ ይሆናሉ።

«የማተሚያ ማሽኑ ውድ ነው፣ ቀለሙና ማቅጠኛው በዶላር ነው የሚገዛው» ይባላል። እውነት ነው። አንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ብቻውን አይችለውም። እኔ ግን በማሽኑ እንጀምር አልልም። በመዝገብ እንጀምር። አንዲት እናት ቡናቸውን ሲያስረክቡ ስማቸው፣ ቀበሌያቸው፣ ቀኑና ኪሎው ይመዝገብ፤ ለዚያ ርክክብ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩ በስቴንስልም ሆነ በጎማ ማኅተም ጆንያው ላይ ይውረድ። ማሽኑን ዩኒየኑ ቦንጋ ላይ አንድ ገዝቶ ማኅበራት ሊጋሩት ይችላሉ፤ ለማር ማሸጊያውም ያገለግላል። መዝገብ የሌለው ማሽን የሚያትመው ባዶ ቁጥር ነው። መዝገብ ያለው ግን በእጅ ቢጽፍም ይታመናል።

ቤቴ ውስጥ አንድ የማር ባልዲ አለ። የቢታ ሰው ነው ያመጣልኝ። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በእስክርቢቶ «ግንቦት 2017፣ ገተማ» ብሎ ጽፎበታል፤ ከሥሩ ስሙንና ቀበሌውን። «ለምን ስምህን ጻፍክ?» ብለው «ቢከፋም ቢያምርም የኔ ነው» አለኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለው ለሰው ነው። ለማርም ለቡናም ይሠራል፤ ስሙ ተጽፎ ከሄደ።

ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ወደዚያች ሱቅ ጎራ አልኩ። ልጁ አንድ ጥቁር ማርከር ገዝቷል። ካርቶን በገባ ቁጥር ቀኑን ቀይሮ በትልልቁ ካርቶኑ ላይ ይጽፈዋል፦ «እስከ የካቲት 2018»፣ «እስከ ሰኔ 2018»። እናቶች ከደጅ ሆነው ያነቡታል። ልጁ በማርከር የሚሠራውን ይህን ሥራ ፋብሪካው በማሽኑ ሊሠራው ይገባ ነበር።