ፓስፖርቴ ላይ ማን ፈረደበት?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከራሴ ልጀምር። እኔ ተከሳሽ ነኝ። በጋዜጣ ላይ በወጣ ጽሑፍ ተከስሼ፣ ዋስ ጠርቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከቀጠሮዬ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ምስክር አልተሟላም፣ ዳኛ ተቀይሯል፣ መዝገቡ አልመጣም እየተባለ ዓመት ዓመትን ተካው። እኔ ስመላለስ የፓስፖርቴ ጊዜ አለፈበት።

ላሳድስ ሄድኩ። ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እርስዎ ላይ ክስ አለ ይላል፤ አይታደስም።»

«ማነው አይታደስም ያለው?»

«ከበላይ ነው።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ይህንኑ በወረቀት ጻፊልኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ አንጽፍም!»

ልጅቷን አልወቅስም፤ የእንጀራ ነገር ነው። የምወቅሰው ስሙንም ፊርማውንም የደበቀውን «የበላይ» ነው።

ለመሆኑ የመክሰስ ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ፣ የመፍረድ ሥልጣን የፍርድ ቤት ከሆነ ፓስፖርቴን የቀጣው ማነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። በአንቀጽ 32 ደግሞ ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት አለው ይላል። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ እነዚህ አንቀጾች የት ይገባሉ?

ተከሳሽ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ይብረር አላልኩም። የሕዝብ ገንዘብ ዘርፎ ለመኮብለል ያሰፈሰፈም አይጠፋም። ግን ዋስትና የተበጀው ለዚሁ ሥጋት አይደለም እንዴ? አልበቃ ካለ ዐቃቤ ሕግ ችሎት ፊት ቀርቦ እግድ ይጠይቅ። እኔም መልሴን ልስጥ፣ ዳኛውም አመዛዝኖ ይወስን። ብታገድ ይግባኝ እላለሁ። ቁጥርና ማኅተም በሌለው የቃል ትእዛዝ ላይ ግን ለማን ይግባኝ ይባላል?

ደግሞስ ከአገር እንዳይወጡ መታገድ ሌላ፣ ፓስፖርት መነፈግ ሌላ። በዓረብ አገር ለሚሠራ ወገናችን ፓስፖርቱ ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃዱም አደጋ ላይ ነው። ክስ አለብህ ተብሎ ቢከለከል ቀርቦ ልከራከር ቢል እንኳ በምን ይመጣል? ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድምና ዜጋው ከዚህ ሌላ ፓስፖርት የለውም።

የሌላውን አገር እንይ ከተባለ ህንድ አለች። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የፓስፖርት ሕጓ የወንጀል ክስ በፍርድ ቤት ያለበት ሰው ፓስፖርት ሊከለከል ይችላል ይላል። ጥብቅ ነው። ሆኖም በ1993 መንግሥት ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት ተከሳሹ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ፓስፖርት ያገኛል፤ ፍርድ ቤቱ የጊዜ ገደብ ካላስቀመጠ ለ1 ዓመት ይሰጠዋል። ሕጉን መውደድ መጥላት ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ ግን ተጽፏል፤ የሚያንኳኩት በርም አለው።

እኛም የምንለው ይኸው ነው። ከልካይ በወረቀት ይከልክል። አንቀጹን ይጥቀስ፣ ስሙን ይጻፍ፣ ይፈርም። ክስ ያለበትን ሰው ጉዳይ የመስኮት ሠራተኛ ሳይሆን ክሱን የያዘው ችሎት ይወስን።

በድሮው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ያኔ ተከሳሽ ከማን ጋር እንደታሰረ ዞር ብሎ ያያል፤ መንገደኛውም ያያል። የኔ ነጠላ ከማን ጋር እንደተቋጠረ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

በሕግ አምላክ! ከወዲያኛው ጫፍ ያለኸው ሰው ማነህ?